መኪናው ቆሞ ስልክ መንካት ያስቀጣል ወይ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ በአጎቴ ቪትዝ በስልክ እየተጠራሁ ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ወደ አያት በሚያስገባው መንገድ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ ተሳፋሪዋ በቴሌብር የላከችልኝ ሒሳብ ገብቶ እንደሆነ ላይ ብዬ ስልኬን አነሳሁ። ትራፊኩ በመስኮት በኩል መጥቶ ቀጣኝ። መኪናው ቆሟል፣ ስልክም አላወራሁም ብለው አልሰማኝም። ቅጣቱ ልክ ነው ወይ? ስልኩን ክሩስኮት ላይ ሰክቼ በድምፅ ማጉያ ባወራስ? እኛ ያለ ስልክ እንዴት አድርገን እንሥራ?»

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተም ይሁን። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። ጠበቃ ነኝ፤ ቢሮዬ ገላን፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከያዝኳቸው መዝገቦች የሚበዙት የመኪና አደጋ ናቸው። አንዳንዴ ለሾፌሩ፣ አንዳንዴ ለሟች ቤተሰብ እቆማለሁ። የሁለቱንም ለቅሶ ስለማውቀው ጥያቄህን በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልቻልኩም።

በእኔ አረዳድ ቅጣቱ ልክ ነው።

እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም ክልክል መሆኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተሻሽሏል፤ የቅጣቱ ብርም ከፍ እያለ ሄዷል። ክልከላው ግን አልተነሳም። ደንቡ የፌዴራል ስለሆነም የአዲስ አበባን ወሰን ተሻግረህ ሸገር ከተማ ውስጥ ስትገባ አብሮህ ይገባል። ይህን የምልህ ብዙ ሾፌር «ከኬላው ወዲያ ሌላ ትራፊክ ነው፣ ሌላ ሕግ ነው» ሲል ስለምሰማ ነው። ዩኒፎርሙና የቅጣት ወረቀቱ ሊለይ ይችላል እንጂ ስልኩ እዚያም ክልክል ነው።

አንተ የያዝከው «መኪናው ቆሟል» የሚለውን ነው። ማሽከርከር ግን ጎማው ሲዞር ብቻ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዲ ላይ ሆኖ፣ እግርህ ፍሬን ረግጦ፣ ከፊትህ ያለው አንድ ሜትር ሲገፋ አንተም አንድ ሜትር ልትገፋ ተዘጋጅተህ ከሆነ እያሽከረከርክ ነው። ቆመ የሚባለው ፍሬቻ አሳይቶ፣ ዳር ይዞ፣ መቆም በሚፈቀድበት ቦታ የእጅ ፍሬን ስቦ ሞተር ያጠፋ ነው። ይህ ክርክር በእኛ አገር ብቻ የተነሳ አይደለም። እንግሊዝ አገር በእጅ የሚያዝ ስልክ በአሽከርካሪዎች ላይ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ነው፤ እዚያ መብራት ይዞትም ሆነ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሾፌር ከክልከላው አያመልጥም። «አላወራሁም» የሚለውም መከራከሪያ እዚያ ተሞክሯል። አንድ ሰው የአደጋ ቦታ በስልኩ ሲቀርጽ ተያዘና «ቀረጽኩ እንጂ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም» ብሎ በ2019 ረታ። እሱ ረታ፤ ሕጉ ግን በ2022 ተሻሻለና ፎቶ ማንሳቱም፣ ዘፈን መፈለጉም፣ ጨዋታውም አብሮ ተከለከለ። ዓይንን ከመንገድ፣ እጅን ከመሪ የሚያነሳው ነገር ወሬም ሆነ የቴሌብር መልእክት አደጋው ያው ስለሆነ ነው።

ቆሞ ሳለ ምን አደጋ አለ ትለኝ ይሆናል። ከመዝገቦቼ አንዱን ላሳይህ። መኪናዋ እንደ አንተው ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ቦታው ዳገት የሌለበት ሜዳ፣ ጠዋት፣ ሰልፍ። ሾፌሩ መልእክት ለማየት አንገቱን ደፋ። አንገት ሲደፋ ትከሻ ይላላል፤ ትከሻ ሲላላ እግርም ይላላል፤ ይህን ራስህ ወንበርህ ላይ ሆነህ ሞክረው። ዲ ላይ ያለ አውቶማቲክ መኪና ነዳጅ ሳትሰጠው፣ ፍሬን ሲላላለት ብቻ በራሱ ወደፊት ይሳባል። ከፊቱ በሁለቱ መኪኖች መሃል ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ ሊሻገር ነበር። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። የልጁ እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሾፌሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «መኪናው ቆሞ ነበር» የሚል ነው። አልዋሸም። ቆሞ ነበር፣ ራሱን እስኪደፋ ድረስ።

በእኛ ዳርቻ ሰልፍ ውስጥ መኪና ለመኪና መሃል የሚንቀሳቀሰውን ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የእግረኛ መንገዱ ወይ የለም፣ ወይ አሸዋና ብሎኬት ተቆልሎበታል። ተማሪው፣ ጭድ የተጫነች አህያ፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሌሊት ከኮንዶሚኒየም ወጥታ ታክሲ የምትሮጥ ሠራተኛ፣ ሁሉም የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው። በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

አሁን የምነግርህ ከቅጣቱ ወረቀት ይልቅ ሊያሳስብህ የሚገባውን ነው። የተጣለብህ መቀጮ ትንሹ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን የሚመለከት ሲሆን ሦስት ደረጃ አለው። በንዑስ አንቀጽ 1 ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል፤ በምሳሌነት የጠቀሰው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ቀላል እስራት የለም። ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከዚያም ላይ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ። ወደዚህ ደረጃ የሚያወጣው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሲሞት፣ ወይም ሾፌሩ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ስቶ ሲነዳ፣ ወይም ደግሞ በግልጽ የተደነገገን ደንብ ሆን ብሎ ሲጥስ ነው።

የመጨረሻውን እንደገና አንብበው። ሰውየውን ሆን ብለህ ገጨህ አይልም። ደንቡን ሆን ብለህ ጣስክ ነው የሚለው። ፍሬን እንቢ ያለው ሾፌር «አላወቅሁም» ሊል ይችላል። ስልክ ግን ሳያውቁ አይነሳም። ከክሩስኮት ላይ ያነሳኸው አንተ፣ የከፈትከው አንተ፣ ክልክል መሆኑን ደግሞ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ተምረህ የተፈተንክበት አንተ። ዓቃቤ ሕግ ይህን ይዞ ሲመጣ ለጠበቃ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ጠባብነቱን ደግሞ ቆሜበት አይቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር የ14 ዓመት ልጅ ገጭቶ ገደለ። ልጁ ጥጆች እየነዳ ወደ ቤቱ የሚገባ የአካባቢው ገበሬ ልጅ ነበር። ደንበኛዬ ሾፌሩ ነው። መጀመሪያ «ልጁ ድንገት ገባብኝ» አለ፤ እኔም አመንኩት፤ መሽቷል፣ መንገዱ መብራት የለውም። ምርመራው እየገፋ ሲሄድ የሚስቱ ስልክ ታየ። ቴሌግራም ላይ የድምፅ መልእክት እየላከላት ነበር። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ጣትህን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ጣትህ ሲለቅ በራሱ ይሄዳል። ሲገጨው ጣቱ ለቀቀ፤ መልእክቱም ሄደ። ችሎት ላይ ተከፈተ። «አሁን ቱሉ ዲምቱ ደርሻለሁ፣ ልጆቹን አታስተኚያቸው፣ እኔ...» ይላል፣ ከዚያ ድምፁ ይሰማል፣ ያበቃል። ዳኞቹ ደግመው እንዲከፈት አላዘዙም። የሟች አባት ኋላ ወንበር ላይ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ሰውየው ጨዋ ሰው ነው። አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም፣ በ11 ዓመት ሥራው አንድም ሰው ነክቶ አያውቅም። ልጁንም ራሱ አንስቶ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። የሾፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ በአካባቢው ባህል ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣ፣ ተከፍሎ እርቅ ወርዷል። እኔም ጉዳዩ ወደ ንዑስ አንቀጽ 2 እንዲወርድ ተከራከርኩ፤ አልተሳካልኝም። እርቁና ጸጸቱ በአንቀጽ 82(1)(ሠ) መሠረት ቅጣት ማቅለያ ሆነውለታል፤ ከጽኑ እስራት ግን አላወጡትም። እርቅ ቂምን ያበርዳል እንጂ የወንጀል ክስን አይዘጋም፤ በየመዝገቡ ይህን ሳስረዳ «ታርቀናል እኮ!» የሚለኝ ቤተሰብ ብዙ ነው።

ማስረጃው እንደዚያ ግልጥ ባይሆን እንኳ ስልክ ራሱን ያጋልጣል። ፍርድ ቤት ሲያዝ የጥሪ ዝርዝር ከነሰከንዱ ይመጣል። ያንተ ሥራ ደግሞ ከሌላው ይብሳል፤ ጥሪ የተቀበልክባት ደቂቃ፣ ጉዞ የጀመርክባት ደቂቃ፣ ሁሉም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪም አፍ አለው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፤ ሰክቶ በድምፅ ማጉያ ማውራት። እጅህ መሪው ላይ ስለሚቀር ትራፊኩ አይቶ «በእጅህ ይዘሃል» አይልህም። እዚህ ላይ ግን ከሕጉ አልፌ የማውቀውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ1997 ቶሮንቶ ላይ የተሠራና በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት፣ እያሽከረከሩ ስልክ ማነጋገር የአደጋን ዕድል አራት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው አሳየ። ገራሚው ውጤት ሌላው ነው፤ ስልኩን በእጅ የያዙትና ያልያዙት ተመዘኑ፣ ያልያዙት የተሻለ ሆነው አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። እጅ ሥራ ባይፈታም አእምሮ ሥራ ፈትቷል። ዓይን ያያል፣ ያየውን ግን ልብ አይለውም። ደንበኞቼ በምርመራ ቃላቸው «ከየት እንደመጣ አላየሁም» የሚሉት ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ ከተሳፋሪ ጋርስ እናወራ የለ?» የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጋቢና የተቀመጡ እናት መንገዱን አብረውህ ያያሉ። አህያዋ ስትገባ ወሬያቸውን አቋርጠው «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ፤ አንተ ዝም ስትል ዝም ይላሉ። ስልክ ውስጥ ያለው ሰው አህያዋን አያይም። «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ይቀጥላል፤ አንተም መልስ ፍለጋ ሐሳብህን ወደ እሱ ትልካለህ። ከአበዳሪህ፣ ከተጣላህ ወንድምህ፣ «የት ደረስክ?» እያለ ከሚነዘንዝህ ደንበኛ ጋር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሌላ ጥናት፣ በድምፅ የሚታዘዙ መሣሪያዎችን የተጠቀመ አሽከርካሪ ነገሩን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድበት እንደሚችል አሳይቷል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትነዳ በ27 ሰከንድ 225 ሜትር ትሄዳለህ። ስልኩን ዘግተህ፣ እጅህ መሪው ላይ ሆኖ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ልትደርስ ትችላለህ።

መልእክት መጻፍና ማንበብ ግን ከሁሉ ይከፋል፤ ዓይንን፣ እጅን፣ ልብን ሦስቱንም ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቨርጂኒያ ውስጥ በከባድ መኪና ሾፌሮች ላይ የተሠራ ጥናት ካሜራ ጋቢና ውስጥ ገጥሞ ሲከታተል፣ መልእክት የሚጻጻፍ ሾፌር ከ6 ሰከንድ ውስጥ 4.6 ያህሉን ዓይኑ ከመንገድ ውጭ ሆኖ ተገኘ። አንተ «አንዴ አይቼ» የምትለው ያችን ነው። በ60 ብትነዳ በ4.6 ሰከንድ 77 ሜትር ሄደሃል። ከቱሉ ዲምቱ ገብተህ የአዳማውን ፈጣን መንገድ በ100 ይዘህ ከሆነ 128 ሜትር ነው። ይህን ያህል መንገድ ዓይንህን በጨርቅ አስረህ ንዳ ብልህ መኪናውን አቁመህ ትወርድ ነበር።

«ያለ ስልክ እንዴት እንሥራ?» ላልከው ደግሞ የሚቀልህን መንገድ ልጠቁምህ፤ ያለ ስልክ ሥራ አይባልም፣ ይገባኛል። ስልኩን መስታወት መሃል አትስቀለው፤ ከመሪው ጎን ዝቅ አድርገህ፣ እይታህን በማይጋርድበት ቦታ ስካው። አድራሻውን መኪናው ሳይነሳ አስገባና ካርታው በድምፅ ይምራህ። ሒሳብን በተመለከተ፣ ተሳፋሪ ከመኪና የሚወርደው ከፍሎ፣ መልእክቱም ገብቶ፣ አንተም ዳር ቆመህ አይተህ ነው፤ «እየሄድን እልክልሃለሁ» የሚለውን አትቀበል፤ የተቀጣህበትን ስህተት የወለደው እሱ ነው። ሊሳፈር የተዘጋጀ ደንበኛ ጋ ከመነሳትህ በፊት ደውለህ «መንገድ ላይ ስልክ አላነሳም፣ ስደርስ እደውላለሁ» በለው። ከአስሩ ዘጠኙ ይቀበልሃል። የሚደውሉልህን ቤተሰቦችህንም ይህን አስለምዳቸው። ስልክህ ላይ እያሽከረከርክ ሳለ ለሚደውል በራሱ መልስ የሚልክ ማስተካከያ ካለው ክፈተው።

የሚከብደው ከጥሪ ድርጅቱ መተግበሪያ አዲስ ጥሪ ሲመጣ ነው። ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሰጥቶህ ካልነካኸው ለሌላ ሾፌር ያልፋል፤ አንተም እንዳያመልጥህ ትነካዋለህ። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ሾፌሩ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። በአንድ ወገን ሕግ «አትንካ» እያለ፣ በሌላው እንጀራህን «ቶሎ ካልነካህ የለህም» በሚል መሣሪያ ላይ ያሰሩ ድርጅቶች መኪናው እየሄደ ሳለ ጥሪ ባይልኩ፣ ወይም እስክትቆም ቢጠብቁ ይችላሉ። ሾፌሮች ተሰብስባችሁ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር ነው። እስከዚያ ግን ያለፈችህ ጥሪ ትለፍህ።

ስለ አጎትህም አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ መሪውን የያዘው እሱ ባይሆንም፣ ጥፋት ባይኖርበትም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ግዴታ ነው፤ መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ግን ወሰን አለው። ከወሰኑ በላይ የተፈረደው ካሣ የሚመጣው ወደ ባለቤቱ ነው። አንተ ስትታሰር አጎትህ መኪናውን ሸጠው፣ ሲብስም ቤታቸውን አሲዘው የሚከፍሉበት ጊዜ አለ። መኪናውን አምነው ሲሰጡህ ይህን አብረው እንደሰጡህ እወቀው።

የተቀጣህበትን በተመለከተ ቅሬታ ማቅረብ መብትህ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥፋት ካደረግከው የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ስልክ እያነጋገረ» ተብሎ ተጽፎ አንተ ያየኸው መልእክት ከሆነ፣ ያንኑ በጽሑፍ ማስረዳት ትችላለህ። ውጤቱን ይለውጠዋል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥህም፤ ስልኩን በእጅህ ማንሳትህን አንተው ነግረኸኛል። ለዚያ ብለህ ከትራፊኩ ጋር ስትመላለስ ቀኑ እንዳያልፍብህ፤ ካለፈ ይጨመርብሃል። ከገንዘቡ ጋር የጥፋት ነጥብም ስለሚመዘገብ ደረሰኙን አትጣለው።

ከፍለህ ስትመለስ አጎትህ ዘንድ ግባና የመድን ወረቀቱን አብራችሁ አውጡት። ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ሳይሆን ውሉን ማለቴ ነው። የሚያበቃበትን ቀንና ለሰው ሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለንብረት የሚከፍለውን መጠን ተመልከቱ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ቅጂውን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፣ ላነበብኩበት አላስከፍላችሁም።